የአክናድራ ወለል

ቶርኪል ከመኪናው አልወርድም ብሎ ተቀምጧል። እህቱ ሙርዲና በሩን ከፍታ ይዛለታለች፤ ካፊያው ፊቷን ይመታታል።

«እዚህ ድረስ መጥተህ?»

«አንቺ ጎትተሽ አመጣሽኝ እንጂ እኔ መቼ መጣሁ። የድንጋይ ክምር ለማየት ነው በዚህ ዕድሜዬ ዳገት የምወጣው?»

«ከሰዓት በኋላ የድሮ ቤታችንን ቁፋሮ በአፈር መልሰው ይደፍኑታል። የቅርስ ቆፋሪዋ ልጅ ዛሬ ካልመጣችሁ አታዩትም ብላኛለች።»

«ባላየውስ?»

ሙርዲና በሩን አልዘጋችም። አባታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ የቶርኪል ኩርፊያ ግን አልሞተም። ወንድሟ አርጅቷል፤ ያንን ኩርፊያ ይዞ መቃብር እንዳይወርድ ነው ጭንቀቷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶርኪል ገና ጢም ሳያወጣ መርከበኛ ሆኖ ሄደ። ከባሕር ስመለስ የአባቴን እርሻ አክናድራን አርሳለሁ፣ በጎቹን እረከባለሁ ይል ነበር። ሲመለስ ቤቱ ጣሪያ የለውም። አባታቸው ቤቱን እንደሚለቅ እንደ ማንኛውም የዚያ አገር ሰው የጣሪያውን እንጨት ነቅለው፣ በጋሪ ጭነው፣ ባሕር ዳር ወዳለው መንደር ወርደዋል። እናታቸው በመከር ታመው ሐኪም ሸለቆውን መሻገር ስላቃተው ነው የወረዱት። ይኼንስ ቶርኪል ይቀበል ነበር። ያልተቀበለው፣ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረችው ሙርዲና ያወራችለትን ነው። «ልንወርድ ስንል ቤት ውስጥ ተጨፍሮ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ! አባባ ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶርኪል አባቱን «የአባቶቹን ቤት እየጨፈረ የለቀቀ ሰው» ይላቸዋል። ጠይቋቸው አያውቅም። እሳቸውም ያልተጠየቁትን የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

በመጨረሻ ቶርኪል ከመኪናው ወረደ። የእህቱን ክንድ ይዞ፣ ረግረጉን እየረገመ፣ ወጣ። ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ ቀርቷል። በረትና ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር የነበሩበት ቦታ፣ የምድጃው ድንጋይ፣ ሁሉም ከሣሩ ሥር ተገልጦ ይታያል።

«ላሚቱ እዚህ ነበር የምትታሰረው» አለ ቶርኪል ሳያስበው። «ሌሊት ስታመነዥክ እየሰማሁ ነበር የምተኛው።»

«እኔ ደግሞ ያንተን ማንኮራፋት እየሰማሁ» አለች ሙርዲና።

ከርስቲ የምትባለው ቆፋሪ የጉልበቷን ጭቃ አራግፋ ተነሣች። «እንኳን መጣችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነበር። ወለሉ ሁለት ነው። ከታች ያለው አሮጌ ነው፣ ስንት ዘመን አመድና ጥቀርሻ ጠጥቷል። ከላይ ያለው ግን አዲስ ሸክላ ነው። አንድ በጋ እንኳ በደንብ የተኖረበት አይመስልም። ደግሞ ይኼን እዩልኝ፤ መላው ወለል የጫማ ዱካ ነው። ትልቅ፣ ትንሽ፣ የሴት፣ የወንድ፤ ዙሪያውን። ምን ሲያደርጉ ነው?»

ቶርኪል በዝግታ ተንበረከከ። የጫማ ሚስማር ሸክላው ላይ የተወውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ነካው።

«ሲጨፍሩ ነዋ» አለ። «አዲስ ወለል ሲመታ ጎረቤት ይጠራል። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ይመጣል። ጭቃው እስኪጠብቅ ይጨፈርበታል። አያቴ ሲያወራ እሰማ ነበር።» ወደ እህቱ ዞረ። «መቼ ነበር ያ ጭፈራ? ልንወርድ ስንል ነው ያልሽኝ።»

ሙርዲና ለማሰብ ዓይኗን ጨፈነች። «ግልገል ታቅፌ ነበር… ገና የሚጠባ። እንዳይረግጡብኝ ጥግ ቆሜ።»

«ግልገል በመከር ይጠባል? በጎቻችን የሚወልዱት በጸደይ ነበር።»

«አይጠባም» አለች። «ጸደይ ነበር ማለት ነው። እማማም ያኔ ደህና ነበረች። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ቶርኪል። ጭፈራውንና ጋሪውን አንድ ላይ ነው የማስታውሳቸው።»

ቶርኪል ወለሉን መልሶ አየ። ሊሄድ ያሰበ ሰው አዲስ ወለል አይመታም። ሸክላውን ከወንዝ ዳር በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን አይወጣም። አባቱ ያን ጸደይ ሲስቁ የነበረው፣ ከባሕር ለሚመለስ ልጅ ቤት እያደሱ ነው። ቶርኪል መዳፉን ሸክላው ላይ ዘረጋ።

የከርስቲ ባልደረቦች አካፋ ይዘው መጡ። «ልንጀምር ነበር» አለ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጥቂት ታገሡን» አለ ቶርኪል። የግድግዳው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ለእህቱም ቦታ ለቀቀላት። «እስቲ ያንን ጭፈራ ንገሪኝ።»

«ስንት ጊዜ ልነግርህ ስል ዝም በይ ብለኸኛል።»

«አሁን ንገሪኝ። አባባ ከማን ጋር ነበር የሚጨፍረው?»

«ከማን ይሆናል፣ ከእማማ ጋር ነዋ። እግሯን እየረገጠ አስቸገራት። ‹ወለሉን ርገጥ ነው የተባልከው፣ እኔን አይደለም› ስትለው አስታውሳለሁ።»

ቶርኪል ሳቀ፤ ዓይኑንም በእጅጌው ጠረገ። «ከዚያስ?» አለ።