ገመዱን የበላው አይጥ

ደባርቅ ውስጥ የሞተ ዕቃ ሁሉ እኔ ሱቅ ይመጣል፤ ስልክ፣ ሬዲዮ፣ የወፍጮ ሞተር ሳይቀር። ማን አስተማረሽ ሲሉኝ «የሰው ዕቃ እያበላሸሁ ራሴን» እላቸዋለሁ፤ ደንግጠው ዕቃቸውን ያቅፋሉ።

ሃብተ ጊዮርጊስ የመጣው ለስልኩ ነበር። ከሊማሊሞ ቁልቁል፣ ድብ ባሕር አጠገብ፣ መዋኛ ገንዳ ያለው ሎጅ አለው። ስክሪኑን ስቀይርለት፣ የገንዳው ማጽጃ ሮቦት እንደሞተበትና ሌላ ከዱባይ ሊያስመጣ እንደሆነ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁ።

«ምኑ ተበላሸና ነው አዲስ የሚገዙት?» አልሁት።

«ሞተ እያልሁሽ!»

«መሞቱን ማን መረመረው?»

«አንቺ ለመሆኑ ገንዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እርስዎስ የሮቦት ሆድ አይተው ያውቃሉ?»

ጓደኛው ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ግን በማግሥቱ መኪና ላከልኝ።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ብርዱ ወደ ኋላ ቀረና ቆላው ተቀበለን። ሎጁ ተኩስ ከተሰማ ወዲህ ፈረንጅ አላየም። ክፍሎቹ ተቆልፈዋል፤ የገንዳው ውኃ ከአረንጓዴም አልፎ ጠቁሯል። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ድርጅት ለስብሰባ ሊያርፍበት ነው ተብሏል። ገንዳው ዳር አንድ ሽማግሌ በረዥም እንጨት ጫፍ በታሰረ መረብ ቅጠል ይለቅማሉ። አያ ያርጋል ይባላሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የገዱ።»

«የአናጢው? ነፍሱን ይማረውና እጁ መድኃኒት ነበር።» መረቡን አስቀምጠው ጠጋ አሉኝ። «በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ አልሆነልኝም በይው።»

ነገሩን በአጭሩ አጫወቱኝ። ሎጁ ከተከፈተ ጀምሮ ገንዳውን የሚያጸዱት እሳቸው ነበሩ። ሮቦቱ ሲመጣ ቀን ሣር አጫጅ፣ ማታ የዕቃ ቤት ዘበኛ አደረጓቸው። እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ሣሩም ይደግ ተባለ። ሊያሰናብቷቸው ሲሉ ሮቦቱ ሞተና መረቡን መልሰው ሰጧቸው። ደረስጌ ያለው መሬታቸው ለልጆች ተከፋፍሎ አልቋል፤ ሚስታቸው ከአልጋ አትነሣም። ሮቦቱ ከዳነ እሳቸው ይወጣሉ።

«አዲስ ቢያስመጣስ?»

«ዶላሩ የታለና? መንገዱስ? እሱ እስኪመጣ እኔም እሞታለሁ።»

«አያ፣ አልሆነልኝም የሚል ቃል አፌ አያውቅም።»

«አንድ ቀን ቢለምደው ምን ይለዋል?»

ቦርሳዬን ከፍቼ መፍቻዬን አወጣሁ።

ሮቦቱን እንደ ኤሊ ገለበጥሁት። በቴስተር ስነካካው ሞተሩ ደኅና ነው፤ ትራንስፎርመሩም ደኅና ነው። ኤሌክትሪኩ የሚቀረው ገመዱ ውስጥ ነው። የገመዱን ጎማ በመዳፌ እየሳብሁ ስፈትሽ አንድ ቦታ ላይ እጥፍ አለብኝ። አፉ ተከፈተ። የተቆረጠው ጎማ ዳር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ ሠርቷል። ቢላዋ እንዲህ አይቆርጥም፤ ማጭድ ነው። ቀና ስል ማጭዱ ዕቃ ቤቱ አጠገብ ካለችው ከአያ ያርጋል ጎጆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማየቴን አዩ። ወደ ቅጠላቸው ተመለሱ።

ዝም ብዬ ዕቃዬን ብሰበስብ ነገሩ ባለቀ ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ግን ከዛፉ ጥላ ሥር «አቃተሽ አይደል?» አለኝ።

አበቃ። የዛገውን መዳብ ቆርጬ ጣልሁ፤ ጤነኛውን ከጤነኛው በየድሁ፤ በማስቲሽና በብስክሌት ካላማዳሪያ ውኃ እንዳያስገባ ጠቀለልሁት። ሮቦቱ ውኃው ውስጥ ሲገባ ጥቂት አረፋ ተፋና እያጉረመረመ ወረደ። ባለፈበት ሁሉ የገንዳው ነጭ ወለል እንደ መንገድ ተከፈተ። ሃብተ ጊዮርጊስ አጨበጨበ።

የሽማግሌውንም እንጀራ አብሬ የምጠግን መስሎኝ ነበር። «ይህ ዕቃ ሰው ይፈልጋል» አልሁት። «ከፀሐይ የሚያነሣው፣ ማጣሪያውን የሚያጥብለት፣ ገመዱ ሲጠላለፍ የሚፈታለት። አያ ያርጋል ይበቁታል።»

«እሺ፣ ይሁን» አለ፤ ደስ ብሎታል። አያ ያርጋል ከወዲያ ማዶ እንጨቱን ተደግፈው ይሰማሉ። «ለመሆኑ ምን ነክቶት ነበር?»

ይህንንም አስቤበታለሁ። «አይጥ ነው። ገመዱን በላው።»

ፊቱ ተለወጠ። «አይጥ? ዕቃ ቤቱ በር ላይ የሚያድረው ማን ነው?»

ወደ ማዶ ዞረ።

«ያርጋል! አንተ አይደለህም? አይጥ ንብረቴን ሲቆረጣጥም ታንኮራፋለህ? ከአይጥ ያላስጣልኸኝን ከሌባ ልታስጥለኝ ነው? ውጣልኝ!»

አፌን ከፈትሁ። እውነቱ ግን ከውሸቴ ይብስ ነበር፤ እውነቱ ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። አያ ያርጋል መረቡን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጓዛቸውን በአንድ ማዳበሪያ አሰሩ፤ ማጭዱንም ከላይ ሻጡበት።

በዚያው መኪና፣ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠን ሊማሊሞን ወጣን። መንገዱ ግማሽ ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ከገደሉ ነቀሉ።

«አውቀሻል አይደል?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«እንዳያሳስርዎ ብዬ ነዋ።»

«ማን ጠየቀሽ?» ዞረው አዩኝ። «ብታሰር፣ ያርጋል እንጀራውን የነጠቀውን ዕቃ በማጭድ ቆረጠው ይባል ነበር። ልጆቼ ቀና ብለው ይሄዱ ነበር። አሁን ደረስጌ ገብቼ ምን ልበል? አይጥ አስባረረኝ ልበል?»

ሾፌሩ ሰምቶ ኖሮ ሊስቅ ሲል በመስታወቱ አፈጠጥሁበት። ከዚያ በላይ የማደርገው አልነበረኝም።

ደባርቅ ስንደርስ ማዳበሪያውን ላሸክምዎ ብል እምቢ አሉ። «እጅሽስ የአባትሽ ነው» አሉኝ። «ምላስሽ ግን የማን እንደሆነ እንጃ።» እኔም ቆሜ ሳያቸው በገበያው በኩል ሄዱ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ጄኔሬተሩ ሲበላሽ መልሶ ደወለ። ሄድሁ፤ እኔም እበላለሁ። መንገድ ተዘግቶ ስብሰባው ቀርቷል። ሮቦቱ ማንም በማይዋኝበት ጥሩ ውኃ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። በአያ ያርጋል ጎጆ በር ላይ አንዲት ድመት በሲባጎ ታስራለች።

«ለአይጡ ነው» አለኝ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ በብልሃቱ እየተደሰተ። «ደመወዝ የላት፣ እንቅልፍ የላት። ያደነችውን ትብላ ብያለሁ።»

ድመቷ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። በዚያ ግቢ አይጥ የለም።