ጆንያው ላይ የቀረችው ሽቦ

ጆንያው ባዶ መሆን ነበረበት።

ቸርነት ከሞተር ላይ የፈታውን ብረት ሁሉ በተራ የሚደረድረው በዚያ የዱቄት ጆንያ ላይ ነው። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ባለው ጋራዡም ሆነ በውድድር ሜዳ ሕጉ አንድ ነው፤ ጆንያው ላይ አንዲት ነገር እያለች ሞተር አይንቀሳቀስም። አሁን ግን የፍሬወይኒ ሞተር መነሻው መስመር ላይ እያጓራ፣ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ሽቦ ጆንያው ላይ ጋደም ብላለች። የኋላው ጎማ ዳዶ እንዳይፈታ የምትሰካው ሽቦ።



በሁለቱ ዙሮች መካከል የተሰጣቸው ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። ፍሬወይኒ የመጀመሪያውን ዙር ስትመራ ቆይታ፣ ጎማዋ ተንፍሶ ሁለተኛ ወጣች። ይህን ሁለተኛ ዙር ካሸነፈች ለአገር አቀፉ ውድድር ታልፋለች። ቸርነት ጎማውን አውርዶ የውስጡን ከመነዳሪ ለወጠ፤ ከካቴናው ላይ ነጩን የድንጋይ አቧራ በናፍጣ አጠበ። እጁ ሲሠራ አፉ መቼ ያርፋል?

«ውቅሮ ያቆምኳት ሞተር፣ ቅዱስ ሚካኤልን፣ ነጂ ሳይኖራት መቀሌ ገብታ ደጃፌ ላይ ጡሩምባ ስትነፋ አገኘኋት!»

«ኬላ ላይ መንጃ ፈቃድ አልጠየቋትም?» አለ ከጎኑ የተፎካካሪዋን ሞተር የሚጠግነው ሳሊህ።

«አቡነ አረጋዊን፣ አሳየቻቸው!»

ታዲያ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል አዲስ ሽቦ ሰክቷል? የወጣች ሽቦ ተመልሳ አትገባም፤ አሮጌዋን ይጥላል፣ አዲሷን ከደረት ኪሱ ያወጣል። ኪሱን ዳበሰ። ሁለት አዳዲስ አሉ። ሦስት ነበሩ እንዴ? ወይስ ጠዋትም ሁለት? እጁ የሠራውን አያስታውስም። የሚያስታውሰው አፉ የቀደደውን ብቻ ነው። ፍሬወይኒ ውድድሩ ከሚካሄድበት የድንጋይ ካባ አፋፍ ላይ ስትዘል ያ ጎማ ቢወልቅስ?

አሮጌዋን ሽቦ አፈፍ አድርጎ ሮጠ። ሜካኒክ የማያልፈው ገመድ ጋ ሲደርስ ባንዲራው ተነሥቷል።

«ተስፋልደት፣ አቁም! የኋላ ጎማዋ ሊወልቅ ይችላል!»

ባንዲራ ያዡ ዘወር ብሎም አላየው። አምና ቸርነት «ነዳጅ ይፈሳል!» ብሎ ጮኾ ውድድሩን ቢያስቆምም ጠብታ አልተገኘም፤ ለካ ለፍሬወይኒ ካንዴላ መቀየሪያ ጊዜ ፈልጎ ኖሯል።

«ኣንታ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈሰሰ? ከፈለገች ራሷ ትውጣ! የወጣ አይመለስም!» አለ ተስፋልደት።

ከገመዱ አጠገብ የቆመችው ፍሬወይኒ የሄልሜቷን መስታወት ገለጠች። «ኣያ ቸሩ፣ እየቀለድክ ነው?»

«ሽቦዋን የሰካሁ አይመስለኝም። ውጪ።»

አተኩራ አየችው። አራት ዓመት ሞተሯን ሲጠግን ውሸቱን ሁሉ ለይታ አውቃለች፤ ቅዱሳኑን ሳይጠራ ውሸት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ግን አንድም መሐላ የለም። ከንፈሩ ደርቋል።

ሞተሯን አጠፋች። እየገፋች ከመስመሩ ወጣች።

ባንዲራው ወረደ። ሌሎቹ ስምንት ሞተሮች ነጭ አቧራ አልብሰዋቸው ሄዱ።

ቸርነት ተንበርክኮ ዳዶው ላይ ያረፈውን አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገ። ሽቦዋ አለች። አዲስ፣ የምታብለጨልጭ፣ ሁለት እግሮቿ እንደ ደንቡ ወደ ኋላ ታጥፈው።

አሮጌዋ በመዳፉ ውስጥ ናት። ትከሻው ስለከለለው ማንም አላየም። ጣቶቹን ትንሽ እዚያው አንቀሳቅሶ፣ አሁን እንደ ሰካ ሰው «ተረፍን» ብሎ መነሣት ይችላል። ማን ያውቃል?

«ኣያ ቸሩ» አለች ከበላዩ። ሄልሜቷን አውልቃለች፤ ዐይኗ ወደ ካባው አፋፍ የሚወጣውን አቧራ ይከተላል። «ነበረች ወይስ አልነበረችም?»

መዳፉን ጨበጠ። ሽቦዋ ወጋችው።

«ቅዱስ ሚካኤ...» አለ አፉ፣ ሳያዘው፤ እዚያው ላይ ደረቀ።

ፍሬወይኒ የመሐላውን መነሻ ስትሰማ ዐይኗን ከአቧራው ላይ አንሥታ አየችው።