ባቄላው እስኪበቅል

ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ዓለም የሚፈራው ሰው ቢኖር አማቱን ብቻ ነው። ክፉ ሆነው እንዳይመስላችሁ፣ ኧረ በጭራሽ! ዝም ስለሚሉ ነው። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲለፈልፍ የሚውል ሰው ዝምታ ያስጨንቀዋል። ቢሆንም ይወዳቸዋል። እናቱን በልጅነቱ ስለቀበረ፣ "እማዬ" ብሎ የሚጠራው ሰው ያገኘው ካገባ በኋላ ነው።

ሴትየዋ ባላቸው ሞተው ልጃቸው ቤት ከገቡ ወዲህ የኔ የሚሉት ነገር ከጓሮው ግንብ ሥር ያለችው የአትክልት መደብ ብቻ ናት። ቲማቲም፣ ጎመንና ቃሪያ ተክለውባታል። ጠዋት እሷን ሳያዩ ቁርስ አይቀምሱም።

መቼም ሰው ጉድ የሚሠራው ደግ ልሥራ ሲል ነው። አማቱ ከመደቧ አጠገብ ካለው መተላለፊያ ጡብ መሀል አረም ሲነቅሉ፣ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ሰማና አንጀቱን በሉት። ሱቅ ሄዶ የአረም መድኃኒት ገዛ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበበ መሰላችሁ? የት አባቱ! አማቱ ሐኪም ቤት የሄዱ ዕለት፣ ነፋሱ እየነፈሰ፣ እሱም እያፏጨ መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር ረጨው።

አረሙ ደረቀ። ፀጉር አስተካካዩ ምርቃት ሲጠብቅ የቲማቲሙ ጫፍ መጠማዘዝ ጀመረ፤ የጎመኑም ቅጠል ተጨማደደ።

"ምን ረጨህበት?" አሉት አማቱ።

"እኔ እኮ ለእርስዎ ወገብ ብዬ ነው፣ እማዬ። የረጨሁት ጡቡን ብቻ ነው።"

አማቱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ገቡ። ማታ ግን ለልጃቸው "ቅዳሜ ወደ ታናሽሽ እሄዳለሁ" አሏት። እሷም መኝታ ቤት ገብታ ባሏ ላይ ወረደችበት። "አንተ ሰው፣ እናቴን ከቤቴ ልታስወጣት ነው? እሷ አንዴ ከወጣች እንደማትመለስ ታውቃለህ!" ምነው እጄን በቆረጠው አለ በሆዱ። እንቅልፍም አልወሰደውም።

ቅዳሜ ጠዋት የአማቱ ቦርሳ በር ላይ ተቀምጧል። ፀጉር አስተካካዩ የሚይዝ የሚጨብጠው ቢጠፋው አጉል ጀግንነት መጣበት። ጓሮ ሮጦ ከተጠማዘዙት ቅርንጫፎች አንድ የቀላ ቲማቲም ቀጠፈ።

"ይኸው፣ ምንም አልሆነም! እበላዋለሁ፤ እዩኝ!" ብሎ ወደ አፉ አስጠጋው።

እኚያ ሲነሱ ሲቀመጡ ወገቤን የሚሉ ሴት እንዴት እንደደረሱበት እንጃ፤ እጁን በጥፊ ሲሉት ቲማቲሙ ግንቡ ላይ ፈረጠ።

"ቂል! ልጄን ያለ ባል ልታስቀራት ነው? ለቲማቲም ብዬ የተቆጣሁ መሰለህ? የሚበላውን ከማይበላው ቀላቀልክብኝ እኮ! እኔ እዚህ ቤት በምን ልጠቅም? በእጄ ያበቀልኩትን ብሉልኝ ማለት ነበር የቀረችኝ። እሷንም ወሰድክብኝ።"

ፀጉር አስተካካዩን እንባው ቀደመው፤ አላፈረበትም። "በድያለሁ፣ እማዬ። ጠይቄ እስክመለስ ብቻ አይሂዱብኝ" ብሎ ወደ ሱቁ በረረ።

መድኃኒቱን የሸጠችለት ሴት ሰምታ ስታበቃ ጠርሙሱን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። "ይኼ ለጌጥ የተጻፈ መሰለህ? በነፋስ አትርጭ፣ ከሚበላ ተክል አርቅ ይላል። በል፣ የነካውን አትብሉ፤ በጓንት ነቅላችሁ ጣሉት፣ ማዳበሪያ ውስጥም እንዳትከቱት። እዚህ የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ ምንም አትትከሉ። ከዚያ በኋላም ከአፈሩ በቆርቆሮ ወስዳችሁ ባቄላ ዝሩበት፤ ተጣሞ ከበቀለ መድኃኒቱ ከአፈሩ ገና አልወጣም ማለት ነው።"

ተመልሶ ቃል በቃል ነገራቸው። "ባቄላው እስኪበቅል ይቆዩልኝ" ብሎም ለመናቸው። አማቱ ቦርሳውን አዩ፣ እሱን አዩ። "አንተን ብቻህን ብተው ደግሞ ባቄላውን ታቃጥለዋለህ" አሉና ጓንት እንዲያመጣ አዘዙት።

ጊዜው አለፈ፣ ባቄላውም በሁለት ቆርቆሮ ተዘራ፤ አንዱ ከመደቧ አፈር፣ ሌላው ለማነጻጸር ከሩቅ በመጣ አፈር። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ ሥራ ቦታው ሌላ ወሬ ስላጣ ደንበኛው ሁሉ ከሰላምታ በፊት "ባቄላው በቀለ?" ይለው ጀመር። ይህን ማታ ሲያወራላቸው አማቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ባቄላው በቀለ። የሁለቱም ቆርቆሮ ቅጠል የተዘረጋ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ። አማቱ እያገላበጡ አይተው "ተመስገን" አሉና መደቧ ላይ እንደገና ተከሉ። አረሙን ግን ከዚያ ወዲህ በእጁ የሚነቅለው እሱ ነው፤ አማቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው "ያቺን ረሳህ! ዓይንህ የት ነው?" ይሉታል።

የመጀመሪያው ቲማቲም የቀላ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል አማቱ ከጓሮ ጠሩት። ቲማቲሙን አጥበው፣ ከሁለት ከፍለው ይዘዋል። ቁርስ አልቀመሱም፤ ልጃቸውም ገና አላየችውም። በዚያችው በመታችው እጃቸው ግማሹን ወደ አፉ አስጠጉለት።

"አሁን ብላ" አሉት።

በላ። ጭማቂው አገጩ ላይ እየወረደ፣ ያ ሁሉ ወሬኛ የሚናገረው ጠፋው።