ሊማሊሞ በኋላ ማርሽ

ሊማሊሞን በመኪና የወጣ ሁሉ ሾፌር ነኝ ይላል። እኔ ምሥጋናው ግን የወጣሁት ፊቴን ወደ ገደሉ፣ ጀርባዬን ወደ ደባርቅ አዙሬ ነው። ከእኔ በፊት የሞከረው የለም፤ ከእኔ በኋላም የሚሞክረው የሰከረ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው አስፋልቱ ሳይመጣ፣ በ1992 ክረምት ነው። አጭሯ ላንድሮቨሬ ያኔ ከዳባት እስከ ጨነቅ ስሟ ሲጠራ በቅሎዎች መንገድ ይለቁ ነበር። በዚያው ሰሞን ለሞተሩ ቤንዚን የሚያጠጣውን ባለአንድ ጉሮሮ ካርቡሬተሯን ነቅዬ፣ ከተገለበጠ ትልቅ መኪና ላይ የወጣ ባለሁለት ጉሮሮ አስገጠምኩላት። ቤንዚኑን እስከ ግማሽ ስትረግጠው በአንዱ ትጠጣለች፤ ከግማሽ ሲያልፍ ሁለተኛው ይከፈታል። ያኔ ራስ ዳሸንን ብታስርባት ትጎትተዋለች።

"መጎተቱንስ ትጎትታለች" አለ መካኒኩ የሺዋስ ብሎኑን እያጠበቀ። "ግን የድሮው እንደ መነኩሴ ነበር የሚጠጣው፤ ይኼኛው ሠርገኛ ነው። ደግሞ የደጋው አየር ስስ ነው፤ ቤንዚን ስላበዛህባት ጭሱ ነው የሚበዛልህ።"

"አንተ አህያ ብትነዳም ገለባዋን በቁና ትሰፍራለህ።"

"ጌታው፣ ገለባ የተሰፈረላት አህያ መንገድ ላይ አትቆምም።"

ልንፈትናት ከየሺዋስ ጋር ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ዛሪማ ወረድን። ለመመለሻ የሚበቃ ቤንዚን ነበረን። እኔ ግን የዛሪማ ሰው ሁለተኛውን ጉሮሮ ሳይሰማ አይደር ብዬ ሜዳው ላይ ጥቂት ዞርኩ። ጥቂት ስል፣ ጭቃው ሰማይ ነክቶ ተመለሰ።

ጭቃው ሳይደርቅ ሰዎች አንድ ገበሬ በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ገሠሠ ይባላል፤ ሰሊጥ ሲያርም እባብ ነድፎት እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ደባርቅ ነው ብሏቸዋል። የጭነት መኪኖቹ ጎርፉን ፈርተው አዲ አርቃይ ቆመዋል።

"አያ፣ ያድርሱልኝ" አለች ሚስቱ ይርገዱ።

የቤንዚን ቆጣሪዋ ከሞተ ቆይቷል። የሺዋስ ሸምበቆ ታንከሩ ውስጥ ነክሮ አወጣና የረጠበውን በጣቱ ለካ። "በአንዱ ጉሮሮ ብቻ ከሄድን ያደርሰናል። ሁለተኛውን ከከፈትከው መሃል ላይ እናድራለን።"

ይርገዱ ሰማችው። "ስንት ጉሮሮ ነው ያላት?"

"ሁለት" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"እንግዲያው አንዱን አንቀው ይያዙልኝ።"

ወጣን። እግሬ ከግማሽ እንዳያልፍ ጥርሴን ነክሻለሁ። ከኋላ ይርገዱ ባሏ እንዳያንቀላፋ ታስወራዋለች። "የቀኙ በሬህ ስም ማነው?" "ቦራ።" "የግራውስ?" ዝም ይልና፣ "ዳልቻ" ይላል። ዝምታው በየጠመዝማዛው እየረዘመ ሄደ።

አንድ ቦታ ጎርፉ መንገዱን በጭቃ ሞልቶታል። በግማሽ ጉልበት ብንገባ እንቀበራለን። የሺዋስ አየኝ። ረገጥኩት። ሁለተኛው ጉሮሮ ተከፈተ፣ ላንድሮቨሯ እንደ ነብር ዘላ ተሻገረች፤ ወዲያው የቤንዚን ሽታ አፍንጫችንን ሞላው። ቀጥሎ ባለው ዳገት ሳለች፣ ሳለችና ጠፋች።

ፍሬን ያዝኩ፣ የሺዋስ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ሸምበቆውን ሲያወጣው ጫፉ ብቻ ረጥቧል።

"አለ ትንሽ" አለ። "ግን ዳገቱ ወደ ኋላ አሸሽቶታል። የመሳቢያው ቱቦ በታንከሩ የፊት ጫፍ ነው፣ አይደርስበትም።"

ዞር ስል ይርገዱ ባሏን በቅል ውኃ ታጠጣለች። ውኃው ሊያልቅ ነው፤ ቅሉን ወደ አፉ አዘነበለችውና የመጨረሻዋ ጉንጭ ወረደች።

"እናዘንብላት" አልኩ። "አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረን በኋላ ማርሽ እንውጣ።"

"ሊማሊሞን?"

"ሌላ ዳገት አለህ?"

የሺዋስ ድንጋዩን አነሣ፣ ወደ ኋላ ለቀቅናት፤ መቀመጫዋን ወደ ተራራው ጥግ አስገብቼ አፍንጫዋን ቁልቁል አዞርኩት። ቤንዚኑ ወደ ፊት ተንከባለለ። ማስነሻውን ስነካው ተነሣች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን ያየልኝ የሺዋስ ነው፤ በጉም ውስጥ ከኋላዬ ሽቅብ እየሄደ "ግራ፣ ግራ፣ ቁም፣ ቀኝ" ይላል። እኔ ፊት ለፊት የማየው ገደሉን ብቻ ነው። የፊት ጎማዬ የነካው ድንጋይ ተንሸራቶ ወረደ፤ ሲያርፍ አልሰማሁትም።

"ገሠሠ፣ የቀኙ ስም ማነው?"

ይርገዱ ትከሻውን ነቀነቀችው።

"ገሠሠ።"

እግሬ ያንን ሁለተኛ ጉሮሮ ለመክፈት በላኝ። ብረግጠው እንበራለን፣ ግን ቤንዚኑ ከገሠሠ ቀድሞ ያልቃል። አልረገጥኩም። ይልቅ ጉልበቴን በእጄ ወደ ላይ ስቤ ያዝኩት፤ እሱም እንዲሞቀው ብዬ ነው።

"ቦራ" አለ ገሠሠ፣ በስንት ጊዜው።

ደባርቅ ስንደርስም ላዞራት አልደፈርኩም፤ በገበያው መሃል በጀርባዋ ነዳኋት፤ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጠፋችልኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ድሮም ለበዓል እንዲህ ነው የምገባው አልኳቸው።

ገሠሠ አንድ የእግር ጣት አጣ እንጂ ዳነ። ሲወጣ ወደ ዛሪማ ልመልሳቸው ላንድሮቨሬን አቀረብኩ። ባልየው ሊገባ ሲል ይርገዱ ክንዱን ያዘችው።

"ያችው ባለሁለት ጉሮሮዋ ናት?"

"ያችው ናት። በአገሩ አቻ የላትም።"

ከየሺዋስ እጅ ሸምበቆውን ተቀበለች። ታንከሩን ራሷ ከፍታ ነከረች፣ አወጣች፣ የረጠበውን በጣቷ ለካች፤ ደግማ ነከረች።

"ግባ" አለችው ባሏን።