ከዳር ሆኖ ያየን ሰው

«ጋሼ፣ ሻዩን ፉት ይበሉት እንጂ፤ ቀዘቀዘ እኮ» አለች የሟቹ ሚስት።

ካፒቴኑ የያዘውን ብርጭቆ ሳይቀምሰው አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ታናሽ ወንድሙን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ግቢው በወደብ ሰው ሞልቷል፤ ዓሣ አጥማጁም፣ ጭነት አመላላሹም፣ ሁሉም ሟቹ ጀልባቸውን የሣለላቸው ናቸው።

«ባሕር የሚያጥወለውለው የባሕር ሠዓሊ!» ብሎ አንዱ ሲያንሾካሹክ ጎረቤቱ አፉን ይዞ ሳቀ። ካፒቴኑ ሰማ። በሰው መቆጣት አልቻለም፤ ቀልዱን መጀመሪያ ያወጣው እሱ ራሱ ነበር።

አባታቸው ሲሞት ለካፒቴኑ የተወለት አንዲት ባለሸራ ጀልባና አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድም ነው። ሥራ ላስለምደው ብሎ ይዞት ወጣ። ገና ሸራው ንፋስ እንደያዘ ልጁ አንጀቱ እስኪገለበጥ አስታወከ። በሳምንቱም፣ በወሩም ያው ሆነ። አንድ ቀን ካፒቴኑ ትዕግሥቱ አለቀና በሰው ፊት «በቃ! አንተ ከዳር ቆመህ እየን፤ ለሌላ አትሆንም» አለው።

ልጁም ቆሞ አየ። አርባ ዓመት ሙሉ አየ።

በሥዕሉ ስም ካወጣ በኋላ እንኳ የታላቅየው ምላስ አልተገራም። «እኔም ሸራ አለኝ፣ አንተም ሸራ አለህ፤ ያንተው ግን ንፋስ አይዝም» ይለዋል። ታናሽየው ይስቅና «እውነትህን ነው ጋሼ» ብሎ ወደ ብሩሹ ይመለሳል። ካፒቴኑ አንድም ቀን ሥዕል ቤቱ ገብቶ አላየለትም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ጀልባ ሠሪ መጣ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ከካፒቴኑ ጎን ተቀመጠ።

«ልጄ ሰሞኑን ውሃ ላይ ያወረዳትን ጀልባ አየሃት?»

«አየኋት። የድሮዎቹን ትመስላለች። እጅህ አልሰነፈም።»

«የኔ እጅ አይደለም» አለ ሽማግሌው። «ሰው ሁሉ ወደ ሞተር ሲዞር የባለሸራዎቹ ልክ ከአባቴ ጋር ተቀበረ። ልጄ ልሥራ ብሎ ሲነሣ የማሳየው አጣሁ። ወንድምህ ሳንቃዋን አንድ በአንድ፣ ሚስማሯን ሳይቀር ሥሎ አስቀምጧታል። ከሥዕሉ ላይ ቆጥረን ነው የሠራናት።»

«የማንን ጀልባ ሥዕል?»

ሽማግሌው ግራ ገብቶት አየው። «ያንተን ነዋ! አልነገረህም?»

ያቺ ጀልባ በስብሳ ለማገዶ ከተፈለጠች ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ካፒቴኑ ተነሣና የወንድሙን ሚስት ፈልጎ «ሥዕል ቤቱን ክፈችልኝ» አላት።

ግድግዳው ሁሉ የሱ ጀልባ ነበር። ጭነት ስትጭን፣ ተገልብጣ ቅጥራን ስትቀባ፣ ማዕበል አምልጣ ስትገባ። በያንዳንዱ ሥዕል አንድ ጎባጣ ትከሻ አለ። ትከሻው የራሱ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም።

«ምነው ታዲያ አላሳየኝም?»

«ይፈራዎት ነበር ጋሼ። ‹ገመዱን ተሳስተሃል ይለኛል፤ በደንብ ላስተካክልና አሳየዋለሁ› ይል ነበር።»

የመጨረሻው ሥዕል ሠዓሊው ልቡ ቀጥ ሲል ትቶት እንደወደቀ ማቆሚያው ላይ ነው። ካፒቴኑ ዓይኑን አጥብቦ ገመዱን ከምሰሶው ጫፍ ጀምሮ በአውራ ጣቱ ተከተለው። አንድ ስሕተት አላገኘም።

«ልክ ነው» አለ። «ልክ ነው፣ ወንድሜ።»

ጣቱን ሲያነሣ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

«ውይ፣ ገና አልደረቀም» አለች ሴትዮዋ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደ ግቢው ሲመለሱ ምግብ ቀርቧል። ማስታጠቢያ የያዘች ጎረቤት ከካፒቴኑ ፊት ጎንበስ አለች። ግራ እጁን ብቻ ዘረጋላት።

«ቀኝዎስ?» አለችው።

«ታጥቧል» አለና ጨብጦ ኪሱ ውስጥ ከተተው።