ቄጠማ የጠጣው ወለል

ስሙኝማ! ስሜ እንዳለው ነው፤ የቢቸና ወለል አንጣፊ ነኝ። ጋሽ ባየ ፊቴ የቆመ ቀን መዶሻ ይዤ ነበር፤ ግንባሩ ላይ አለማሳረፌ እስካሁን ይገርመኛል።

ሰውየው ሞጣ ውስጥ ሆቴል አለው። እህቴ አየሁሽ እሱ ጋ ወለል ትወለውል ነበር። ሴራሚኩ መስታወት ነው፣ ውሃ ሲነካው እንደ ዓሣ ያሙለጨልጫል። አንድ ቀን ተንሸራታ ጭኗ ተሰበረ። እሱ ምን አለ? እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ "ዓይንሽን ማን ላይ ጥለሽ ነው?" ሰዉ ሳቀ። እሷን በአይሱዙ ጭነን ቢቸና አመጣናት። ዛሬም ታነክሳለች፤ ያ ሳቅ ግን ከእግሯ ይብሳታል።

በሦስተኛው ዓመት፣ 2008 መሆኑ ነው፣ አዲስ አዳራሽ ሠራና አንጣፊ ፈለገ። ሰው እኔን ጠቆመለት። የማን ወንድም እንደሆንኩ አላወቀም፤ እኔም ዝም።

"እንጨት መሳዩን አንጥፍልኝ፣ እንደ አዲሳባ!" አለኝ።

ሥራ ነውና አንዴ ነገርኩት። "ጋሽ ባየ፣ ይሄ የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው። ውሃ ከጠጣ እንደ ሊጥ ይነፋል። ለድግስ ቤት ሻካራው ሴራሚክ ይሻልዎታል።"

"አንተ መዶሻህን ያዝ! የቢቸና ልጅ ሆቴል ሊያስተምረኝ?"

ሁለተኛ አልነገርኩትም። ለምን ብዬ? እያፏጨሁ አነጠፍኩለት።

ለምርቃቱ ቄጠማ አስጎዘጎዘ፤ ከወንዝ የመጣ፣ ውሃው የሚንጠባጠብ። ድግሱ ሦስት ቀን ነው። ሲጠወልግ በላዩ ሌላ እርጥብ ይጨምሩበታል። በር ላይ ቆሜ አየሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። "አንተ ሌባ! ወለሌ ተነፍቷል፣ አሁኑኑ ና!"

"መጣሁ ጋሼ።" ዘጋሁና አየሁሽን፣ "እቴ፣ ነጠላሽን ልበሺ፣ ሞጣ ልንሄድ ነው" አልኳት።

ስንገባ አዳራሹ እንግዳ ሞልቷል። ጋሽ ባየ በአዲሱ ሱፉ ጣቱን ቀስሮ ወደኔ ሲንደረደር፣ ቄጠማው ሥር ያበጠው ጠርዝ ጫማውን ያዘው። ዷ! በፊቱ ተደፋ።

እህቴ እያነከሰች አጠገቡ ደረሰችና ጎንበስ አለች። በለሰለሰ ድምፅ፦

"ዓይንዎን ማን ላይ ጥለው ነው፣ ጋሽ ባየ?"

መጀመሪያ የሳቁት የራሱ አስተናጋጆች ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ጋሽ ባየ ቀና አለና "ያዘኝ!" ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ።