የጀኔቪቭ ዱዴክ ድምፅ

ሰኞ ጠዋት ሃልስተድ ገበያ ውስጥ ልኳንዳው ፊት የተሰለፉት ሴቶች መጀመሪያ ያዩት የተፈጨው ሥጋ ላይ የተሰካችውን አዲስ ወረቀት ነው። ቅዳሜ ሃያ ስምንት ሳንቲም የነበረው አንድ ፓውንድ ሥጋ ሃምሳ አምስት ሆኗል። በመሃል ያለፈው አንድ እሑድ ብቻ ነው።

«ላሟ ትናንት ወርቅ በላች እንዴ?» አለች ጀኔቪቭ ዱዴክ፣ ተራዋ ሲደርስ።

ከኋላዋ ያሉት ሳቁ። ሥጋ ቆራጩ ሌስተር ግን አልሳቀም። «ወይዘሮ ዱዴክ፣ ጋዜጣ አያነቡም? የመንግሥት የዋጋ ቁጥጥር ትናንት አብቅቷል። ከእንግዲህ የሚወስነው ገበያው ነው።»

«ገበያው ማን ነው? እዚህ የቆምከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ ደሞዝተኛ ነኝ።» ሥጋውን መዝኖ ጠቀለለና አጠገቡ አንድ ጠርሙስ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ሥር አስቀመጠ። «ሥጋ የወሰደ ይሄንንም ይወስዳል። የባለቤቱ ትእዛዝ ነው።»

«ቤቴ ውስጥ ቀይ ሥር የሚበላ ሰው የለም!»

«እንግዲያው ሥጋም አይኖርማ» አለና ከትከሻዋ በላይ ወደሚቀጥለው ሰው ተመለከተ።

ጀኔቪቭ ሁለቱንም ገዛች። ቤቷ እስክትደርስ ያንገበገባት ዋጋው አልነበረም፤ መግዛቷ ነው። አፏን ሞልታ ስትናገር ቆይታ መጨረሻ ላይ ቦርሳዋን መክፈቷ።

እሷ እንዲህ ያለችውን ነገር የምትችል ሴት አልነበረችም። በጦርነቱ ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ በቡፋሎ የአውሮፕላን ፋብሪካ የክንፍ ቆርቆሮ ስትገጣጥም ኖራለች። ጃፓን እጇን በሰጠች በሦስተኛው ቀን ከሌሎቹ ሴቶች ጋር በር ላይ አሰልፈው፣ አንድ ወረቀትና አንድ «እናመሰግናለን» ሰጥተው አሰናበቷት። ባሏ ካሲሚር ብረት ማቅለጫው ውስጥ ነው የሚሠራው። ጦርነቱ ሲያልቅ የትርፍ ሰዓቱ ሥራ አለቀ፤ ደሞዙም በዚያው ልክ ሟሸሸ። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ሎሬታ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ ካልገባች ሳምንቱ ያለፈ የማይመስላት፣ የተዋናዮችን ፎቶ ከመጽሔት እየቀደደች ግድግዳዋን የምትለብጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

ማክሰኞ ማታ የሰፈሩ ሴቶች ፍሎሬንስ ፒዬትራስ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። ፍሎሬንስ የጀኔቪቭ ጎረቤት ናት፤ ፋብሪካም አብረው ነበሩ። ስትናገር ሰው አያቋርጣትም።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለች። «ዋጋው እስኪወርድ ሥጋ አንገዛም። ማካሮኒ እንበላለን፣ እንቁላል እንበላለን፣ ድንች እንበላለን። ሃልስተድ ሥጋውን ራሱ ይብላው!»

«ባሌስ?» አለች አንዷ። «ያለ ሥጋ ማዕድ አይቀርብም የሚል ነው።»

«አንድ ሳምንት ማካሮኒ ቢበላ አይሞትም። ከሞተ ደግሞ እኔ እቀብረዋለሁ።»

ሁሉም እየሳቁ እጃቸውን አወጡ። ጀኔቪቭ ሁለቱንም እጆቿን ነው ያወጣችው።

ከሬዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ የመጣው በማግሥቱ ረቡዕ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ጀኔቪቭ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይደርሰኝ ይሆናል ብላ አንድ ካርድ ሞልታ ልካ ነበር፤ ልካም ረስታዋለች። ደብዳቤው «የወጥ ቤት ንግሥት» ለተባለው የዓርብ ጠዋት ፕሮግራም ተመርጠዋል ይላል። ሽልማቱ የልብስ ማጠቢያ ሳይሆን ሁለት ጥንድ የናይሎን ስቶኪንግ ነበር። ግን የናይሎን ስቶኪንግ ያኔ ቀልድ አይደለም፤ ለእሱ ሲሉ ሴቶች መደብር በር ላይ ጎህ ሳይቀድ ይሰለፉ፣ መስኮት እስኪሰበር ይጋፉ ነበር። ከደብዳቤው ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ ፕሮግራሙን የሚያቀርብላችሁ ሃልስተድ ገበያ ነው ይላል።

ፍሎሬንስ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አትሂጂ» አለች።

«እሄዳለሁ እንጂ! ማይክራፎን አፌ ላይ የሚደቅኑልኝ እነሱ ራሳቸው ናቸው። ቡፋሎ በሙሉ እየሰማ፣ ሰኞ ዕለት ያደረጉኝን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ቀይ ሥሩንም ጭምር።»

ፍሎሬንስ ሳቋ መጣ። «እንግዲያውስ ሁላችንም እኔ ቤት ሬዲዮ ከበን እንጠብቅሻለን።»

ዓርብ ጠዋት ጀኔቪቭ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷንና ባርኔጣዋን አድርጋ በትራም ወደ መሃል ከተማ ወረደች። ጣቢያው ውስጥ የተቀበላት ቼት ማርሎ የሚባለው አቅራቢ ነው። ድምፁን ለዓመታት ሰምታዋለች፤ ሲታይ ግን ከድምፁ ያነሰ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ሰው ነው። ከካርቶን የተሠራ ዘውድ ባርኔጣዋን አስወልቆ ራሷ ላይ ደፋላትና በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ሰጣት።

«ይቺን ብቻ ያነቡልናል፣ ወይዘሮ ዱዴክ።»

አነበበችው። «እኔ ጀኔቪቭ ዱዴክ ቤተሰቤን የምመግበው ከሃልስተድ ገበያ ነው» ይላል። ቀጥሎ፦ «ዘንድሮ ሁሉም ነገር ተወደደ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን አልተሰማኝም። ሚስተር ሃልስተድ እንደ ቤተሰቡ ያስቡልናል።»

«ይሄን እኔ አላልኩም» አለች።

«ማንም አላለውም፤ እኛ ነን የጻፍነው።» ፈገግ አለ። «ሴቶቹ ማይክራፎን ሲያዩ ስለሚደነግጡ ነው።»

በጎን ባለች ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት በሌላ ማይክራፎን ፊት ጉሮሮዋን እየጠራረገች ነበር። ጀኔቪቭ ልብ አላለቻትም። ከፊት ለፊቱ መስታወት ወዲያ ያለው የድምፅ ሠራተኛ ጣቱን አነሳ፣ ቀይ መብራት በራ፣ ማርሎ ክርኗን ያዝ አደረጋትና ተጀመረ።

የመጀመሪያዋን መስመር አነበበች፤ እሷስ እውነት ናት። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

«አሁን ደግሞ የማንም ወረቀት ሳይሆን የራሴን ልንገራችሁ» አለች። ሁሉንም ተናገረች። የሥጋውን ዋጋ፣ የግዳጁን ጠርሙስ፣ ቅቤው ከመደርደሪያ ጠፍቶ ለወዳጅ ከባንኮኒ ሥር እንደሚወጣ፣ ሁሉንም። «ባሌ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት የሚቆም ሰው ነው። ራቱ ላይ የሚያተርፉት እነዚህ ሰዎች እሳት አጠገብ ቆመው ያውቃሉ? በጦርነቱ ጊዜ ታገሡ አላችሁን፣ ታገሥን። ለፈንጂ መሥሪያ የሚሆን ስብ አጠራቅሙ አላችሁን፣ አጠራቀምን። አሁን ደግሞ ምን ልንሰጣችሁ ነው የቀረን?»

ማንም አላቋረጣት። ማርሎ እንዲያውም እየሰማት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ስትጨርስ መብራቱ ጠፍቷል። ማርሎ የስቶኪንጉን ሳጥን አስታቀፋትና «ግሩም ነበሩ!» ብሎ እስከ በር ሸኛት። በትራሙ ስትመለስ ሰው ሁሉ ያወቃት እየመሰላት ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ፍሎሬንስ ቤት ስትገባ ዘጠኝ ሴቶች ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። አንዳቸውም ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

«እንዴት ነበር?» አለች ጀኔቪቭ እየሳቀች።

«ስንት ከፈሉሽ?» አለች ፍሎሬንስ።

«ምን?»

«‹ሚስተር ሃልስተድ እንደ ቤተሰቡ ያስቡልናል›! ምነው ጀኒ፣ ለሁለት ጥንድ ስቶኪንግ? ንገሪን፣ እኛ አዋጥተን እንገዛልሽ ነበር!»

«እኔ አላነበብኩትም! ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው...»

«በጆሯችን ሰማንሽ እኮ! መሃል ላይ ትንሽ ሙዚቃ ነገር ገባ፣ ከዚያ ቀጠልሽ። ‹ሁሉም ነገር ተወደደ ሲባል እሰማለሁ፣ እኔ ግን አልተሰማኝም›። ይሄን ያለች ሌላ ጀኔቪቭ ዱዴክ አለች?»

ያን ጊዜ መነጽር ያደረገችው ሴት ትዝ አለቻት። ጉሮሮዋን ስትጠራርግ። ጀኔቪቭ በሩን ደገፍ አለች። ያን ሁሉ ስትናገር፣ ያ ሰውዬ ራሱን ሲነቀንቅላት፣ ማይክራፎኑ ሞቶ ነበር። እሷ ድምፅ በማይወጣበት ክፍል ውስጥ እንደ እብድ ስትለፈልፍ፣ ሌላዋ ከመስታወቱ ወዲያ በእሷ ስም ትናገር ነበር።

«ሌላ ሴት ናት» አለች። «ማይክራፎኔን ዘግተው ሌላ ሴት አስገቡ።»

ሁለት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሐዘኔታ ግን አልነበረም።

«እውነቷን ነው» የሚል ድምፅ ከምድጃው አጠገብ መጣ። የፍሎሬንስ አማት ሮዛሊያ ናት፤ ሁለቱም ዐይኖቿ በሞራ የተሸፈኑ ሽማግሌ። «ያችኛዋ የኛ ሰፈር ሰው አይደለችም።»

«እማማ ሮዛሊያ፣ እርስዎ ደግሞ...»

«እኔ ደግሞ ምን? የደከመው ዐይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ይቺ ልጅ ቃል ስትረግጥ አባቷን ነው የምትመስል፣ ፖላንዳዊ አረጋገጥ። ከሙዚቃው በኋላ የመጣችው ግን ቃሉን በስኳር እያሸች ነበር የምታወጣው። በዚያ ላይ ጀኔቪቭ ትንፋሽ ሳትወስድ ነው የምታወራ፤ ያችኛዋ በየነጥቡ ታርፋለች። ያን ጊዜ ልነግራችሁ ስል ጮኻችሁብኝ።»

ፍሎሬንስ ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ። ከዚያ ተነስታ ወንበሯን ለጀኔቪቭ ሰጠቻት።

«አሁን ቁጭ በይና» አለች፣ «ሬዲዮው ያላሰማንን ንገሪን።»

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ገበያው በሚጠቀጠቅበት ሰዓት፣ ሃያ ያህል ሴቶች ሃልስተድ በር ላይ ቆሙ። ጀኔቪቭ ከፍሎሬንስ ባል ሱቅ የመጣ የፖም ሣጥን ላይ ወጥታ ያንኑ ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገመችው። እንደ ትናንቱ አላማረላትም፤ ሁለት ቦታ ቃል ጠፋት። ግን ሰው ቆሞ ሰማት። ትራም የሚጠብቁት ሳይቀሩ ቀረብ አሉ።

ሚስተር ሃልስተድ ራሱ ወጣ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሕትና የተሞላ ሰው ነው። «ወይዘሮ ዱዴክ፣ ስጦታችንን በደስታ ተቀብለው፣ ዛሬ ደግሞ ደንበኞቼን ያስፈራሩብኛል?»

ሳጥኑን አወጣችና ሰጠችው። «ስቶኪንጉ ይኸው። አሁን ድምፄን መልሱልኝ።»

«ሬዲዮው የኔ አይደለም፣ እመቤቴ። እነሱን ይጠይቁ።»

«ሥጋውን ስጠይቅ ገበያው ነው ትላላችሁ፣ ገበያውን ስጠይቅ ባለቤቱ፣ ባለቤቱን ስጠይቅ ሬዲዮው። እናንተ አገር ‹እኔ ነኝ ያደረግኩት› የሚል አንድ ሰው አይገኝም?»

ሃልስተድ ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ገባ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ ስቶኪንጉን በዐይኗ እየሸኘች ቃተተች፤ እውነት ለመናገር ጀኔቪቭም ቆጭቷታል።

ማታ ካሲሚር ማካሮኒውን በሹካ እያገላበጠ «ፎርማኔ ሚስትህ በሬዲዮ እንዴት ጣፋጭ ሴት ናት አለኝ» አላት።

«አንተስ ምን አልከው?»

«ሚስቴን አታውቃትም አልኩት።»

ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሥጋ መግዛት ባቆሙ በአሥራ አንደኛው ቀን ልኳንዳው መስታወት ውስጥ ያለው ሥጋ ጠቁሮ፣ ዋጋው ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ወረደ፤ የግዳጁ ጠርሙስም ቀረ። ሴቶቹ አሸነፍን ብለው በረንዳ ላይ ቢራ ጠጡ። ድሉ ግን ብዙ አልከረመም። መከር ላይ ሥጋ ጨርሶ ከገበያ ጠፋ፤ ሲመለስ ከበፊቱም ብሶ ተመለሰ። ሬዲዮ ጣቢያው ለጻፈችለት ደብዳቤ በታይፕ የተመታ አጭር መልስ ላከላት፦ «ፕሮግራማችንን ስለሚከታተሉ እናመሰግናለን።» ያችን ወረቀት ባነበበች ቁጥር ጆሮዋ ይግል ነበር።

ዋጋው በወረደ በሳምንቱ ዓርብ ልብስ ስትተኩስ ሬዲዮውን ከፈተች። ማርሎ «ዛሬ የወጥ ቤት ንግሥታችን ከብላክ ሮክ ሰፈር የመጡት ወይዘሮ ኤድና ፍሌሚንግ ናቸው!» አለ። አንዲት ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት ስሟን ተናገረች፣ ሁለት ቃል ጨመረች፣ ከዚያ ሙዚቃ ጣልቃ ገባ። ከሙዚቃው በኋላ ያ ስኳር የተነሰነሰበት ድምፅ መጣና በየነጥቡ እያረፈ ስለ ሃልስተድ ደግነት ማውራት ጀመረ።

ጀኔቪቭ መተኮሻውን ነቀለች። የስልክ ማውጫ አውጥታ ፍሌሚንግ የሚሉትን ስሞች በጣቷ ተከተለች። ብላክ ሮክ ያለው አንድ ብቻ ነው። አድራሻውን እጇ ላይ ጽፋ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ፍሎሬንስን በመስኮት ጠርታ ትራም ያዙ።

በሩን የከፈተችው ቀጭን፣ እድሜዋ ሃምሳ የሚሆን ሴት ናት። ዐይኗ አልቅሶ ያበጠ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ገና አላወለቀችም። ሁለቱን ስታይ በሩን ልትዘጋ ቃጣት።

«እናንተም ልትሰድቡኝ ከሆነ» አለች፣ «እህቴ ደውላ ሰድባኝ ጨርሳለች።»

ጀኔቪቭ እጇን በሩ ላይ አደረገች። «አይደለም እህቴ። ከሙዚቃው በኋላ ምን ልትዪ እንደነበር ልንሰማ ነው የመጣነው።»

ኤድና ፍሌሚንግ በሩን ለቀቀችና ገና ሳይቀመጡ መናገር ጀመረች።